አልላላም ያለው ደም ስር

መድኃኒቱን ጠብ አድርጋ ትንፋሿን ዋጥ ታደርጋለች። በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተወጥሮ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለው ነገር ጠዋት ከቄራ ከመጣ የበግ ልብ ላይ የተቆረጠ ደም ስር ነው። ቅድም በሌላ መድኃኒት ያኮማተረችው ራሷ ናት። ውስጠኛው ሽፋኑ ጤነኛ ከሆነ አሁን መላላት፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመርም ቁልቁል መውረድ አለበት።

መስመሩ ወይ ፍንክች።

አጠገቡ ያለው፣ የሚፈተነው ፈሳሽ ያልነካው ደም ስር ላልቶ ከተገላገለ ቆይቷል። ይኼኛው ግን ረፋዱን የቆየው በጋሼ ፈሳሽ ውስጥ ነው።

እሑድ ስለሆነ ሕንጻው ውስጥ ከማቀዝቀዣዎቹ በቀር ድምፅ የሚያሰማ የለም። ባልደረቦቿ «እሷ እኮ ከሰው ይልቅ ከደም ስር ጋር ትግባባለች» እያሉ ይስቁባታል። አብራ ትስቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ነው የሚያንገበግባት።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የልብ ቀዶ ሐኪም ናቸው። በቀዶ ጥገና ሰዓት ልብን አቁሞ ከጉዳት የሚያቆየውን ይህን ፈሳሽ ሲቀምሙ ዕድሜያቸውን ፈጁ። ልቡንስ አሳምሮ ይጠብቃል፤ ጠላት እንኳ አይክደውም። ደም ስሩንስ? «እቅጩን ንገሪኝ» ብለው አደራውን እሷ ላይ ጣሉ። ከዚያ ወዲህ ሳይደውሉ የዋሉበት ቀን የለም። ሌላ የሚደውልላት ሰውም የለም። መልሱ የተገኘ ዕለት ስልኩም ዝም ማለቱ ነው።

ስልኩ ይጮኻል።

«እህስ ልጄ፣ ላላ?»

«ገና ነው» ልትል ምንም አልቀራት። እንዲህ እያለች ሙከራውን ስንት ጊዜ ደግማዋለች። ግን ፈሳሹ በቅርቡ ሰው ላይ ሊጀመር ነው።

«አልላላም፣ ጋሼ። አንዱም አልላላ። ልቡን ያድናል፣ የደም ስሩን ውስጠኛ ሽፋን ግን ይጎዳዋል።»

«እጅሽ ስቶ እንዳይሆን?»

«ምነው በሆነና!»

ወዲያ ማዶ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማታል። ቁጭ ማለታቸው ነው።

«ይሁን እንግዲህ» ይላሉ፤ ድምፃቸው ተሰባብሯል። «እንኳንም የሰው ገላ ውስጥ ሳይገባ አወቅነው። አለቀ በይኛ።»

«አለቀ፣ ጋሼ።»

ደህና ሁኚ እስኪሏት ትጠብቃለች። እንባዋ ቀድሟታል፤ ድምፅ እንዳታሰማ አፏን በእጇ ትይዛለች።

«ምሳ በልተሻል?» ይላሉ።

ከደም ስር ሌላ ጠይቀዋት አያውቁም።

«አልበላሁም።»

«እኔም።»

ከዚህ በኋላ ምን እንደሚባል ሁለቱም አያውቁበትም። ስልኩን ግን የሚዘጋው የለም።