ከግቢ የማይወጣ ሞተር

«እማማ፣ ቶሎ ይበሉልኝ፤ እሷ ከሥራ ልትወጣ ነው።»

ሰውየው ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እማማ የሚላት ሚስቱን ነው። እሷ ደግሞ ካርቶን አንጥፋ በጎኗ ተጋድማለች፤ ግድግዳ የተደገፈውን ሞተር መቆሚያ ከሥር እየገጠመች ነው።

«እየጨረስኩ ነው።»

«ትናንትም እንዲሁ ብለውኛል። መካኒክና ልብስ ሰፊ ሁሌም እየጨረሰ ነው።»

ዕድሜ ልኩን በሞተር ዕቃ ሲያደርስ የኖረ ሰው ነው። የቀኑ የመጨረሻ ጭነቱ ሚስቱ ነበረች፤ ከክር ፋብሪካው በር አንስቶ ቤት ያደርሳታል። ሞተሩ ሲበላሽ እሱ ከሥር ይገባል፣ እሷ ቁልፍ ታቀብላለች። አሁን ከሥር የገባችው እሷ ናት፤ ቁልፍ የሚያቀብል ግን የለም።

መርሳት ሲጀምረው አእምሮው ወደ ጎልማሳነቱ ተመልሶ ሄደ፤ እሷን ይዟት አልሄደም። ሰሞኑን «እኔ እኮ ነኝ ሚስትህ» ብትለው ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ እንዲህ ያለውን ቀልድ እሷ ብትሰማ ሁለታችንንም አትምረንም።» ከዚያ ወዲያ ተወችው። በሰው ትዳር መግባት ምን ያደርጋል።

ቤት ውስጥ ስለ ሚስቱ ትንፍሽ አይልም። የቀረበለትን በልቶ፣ እማማን አመስግኖ፣ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። አፉ የሚፈታው ሞተሩ ላይ ሲወጣ ነው። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ሞተሩን በመሃል መቆሚያው ታቆምለታለች፤ የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሳል። አንዲት ስኒ ቤንዚን ትጨምርለታለች። እሱ አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማው አየር ላይ እየዞረ፣ ቤንዚኑ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ፋብሪካው በር ይነዳል። እሷ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ስለ ራሷ ትሰማለች። ስትስቅ ትከሻዋ ቀድሞ እንደሚስቅ። ሲያረፍድባት እንደምታኮርፍ፣ ኩርፊያዋ ግን ከሁለተኛው መታጠፊያ እንደማያልፍ። ይህን ሁሉ ፊት ለፊት ነግሯት አያውቅም።

የግቢው ሲሚንቶ ግን የመቆሚያውን እግሮች ሲበላ ከርሟል። ባለፈው ጎማው መሬት ነካና ሞተሩ ከመቆሚያው ወርዶ ከነሰውየው ግድግዳውን ገጨ። ልጃቸው መጥቶ የአባቱን ክርን ካሰረ በኋላ፣ «እማዬ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከወረደ ሞተሩን እወስደዋለሁ» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም። ልክ ነው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ሞተሩ ከሄደ እሷም ከሰውየው አፍ አብራ ትሄዳለች።

መቆሚያው የሚታጠፍበትን፣ ተበልቶ የቀጠነውን ፒን አውጥታ በወፍራም ብሎን ተካችው። ላጠሩት እግሮች ደግሞ ከውሃ ቧንቧ የቆረጠቻቸውን ሁለት ቁራጮች እንደ ቦቲ ጫማ አጥልቃላቸው በብሎን አጠበቀች። የቀረው መቆሚያውን ወደ ላይ የሚስበው ሞላ ነው። በፒንሳ ይዛ ስትጎትተው አምልጦ ጣቷን ገረፋት።

«ሞላ በጉልበት አይሆንም» አለ ሰውየው። «ገመድ ያስገቡበትና በገመዱ ይሳቡት።»

ከመሬት ሳትነሳ ቀና ብላ አየችው። ሄልሜቱን እየወለወለ ነው። የከረጢት ገመድ ፈልጋ አስገባችበት፤ ሳበችው፤ ቦታው ገባ።

«እጅዎ ጥሩ ነው» አላት። «ማን አስተማረዎት?»

«ባሌ።»

«ጎበዝ ሰው ነው። በሕይወት አለ?»

ገመዱን ከሞላው አወጣች። ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፤ መልሳ ፈታችው።

«አለ» አለች።

«እሰይ። ያኑርልዎት።»

ሞተሩን ከግድግዳው አላቃ፣ መቆሚያውን በእግሯ ረግጣ፣ ከኋላ ወደ ላይ ሳበችው። የኋላ ጎማው ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ተነሳ። በዳሌዋ ገፋ አደረገችው። አልተነቃነቀም። ስኒዋን ቤንዚን ጨመረች።

ሰውየው ሄልሜቱን አጥልቆ ሞተሩ ላይ ወጣ፤ በሁለተኛው ምት ሞተሩ ተነሳ። እሷ እንደ ልማዷ ወደ ደጃፉ ስታመራ ጠራት።

«እማማ፣ ወዴት ነዎት? መንገዴ ከሆነ ላድርስዎት።»

እስከዛሬ ጋብዟት አያውቅም። አዲሶቹ እግሮች ሁለት ሰው ይችሉ እንደሆነም አታውቅም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ወደ ፋብሪካው በር» አለችው።

«እንግዲያው ያገኟታል። አስተዋውቅዎታለሁ።» ደስ አለው። «መጀመሪያ ታኮርፋለች፤ እሱን ልብ አይበሉት።»

አንድ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ፣ ጉልበቷ እየተንቋቋ፣ ከኋላው ተፈናጠጠች። መቆሚያው ሲጥጥ አለ፤ ያዘ። እጆቿ ማንንም ሳያስፈቅዱ ወገቡን አቀፉ። ጃኬቱ ውስጥ ያለው ሰው ድሮ ከምታውቀው ቀጥኗል።

ሰውየው ጋዙን ለቀቀ። እጆቿን ከወገቡ ላይ አንድ በአንድ አነሳቸው፤ እንደሚሰበር ዕቃ፣ ቀስ አድርጎ።

«እማማ፣ አይቀየሙኝ። ከኋላዎ ያለውን ብረት ይያዙ። እሷ ካየች ደስ አይላትም።»

«ልክ ናት» አለች።

ዕቃ መጫኛውን ብረት ያዘች። ሰውየው ማርሽ አስገባ፣ ጋዝ ሰጠ፣ መንገድ የለቀቀለት ለሚመስለው ሰው ሁሉ በእጁ ምስጋና እያቀረበ ነዳ። ከሥራቸው ጎማው ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይዞራል፤ የቧንቧ እግሮቹ ንቅንቅ አላሉም።