የወደቀ አይናገርም

«እማ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ያለሽን ሁሉ የምትሰጪው?»

ቨርናን ባለፈው ጨዋታ እንዲህ ብላ የጠየቀቻት ልጇ ኢንግሪድ ናት። ኢንግሪድ ዓመታት የደከመችበት የጠረጴዛ ጨዋታ አዲሱ እትም ሊወጣ ነው። ተጫዋቾች የሚመርጧቸው ጦረኛው፣ አስማተኛውና ፈዋሿ አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ መመጣጠን አለባቸው። በአዲሱ ሕግ ፈዋሿ የወደቀን ሰው የምታነሣው ከራሷ ነጥብ ቀንሳ ነው፤ ነጥቧ ካለቀ ትሞታለች። ቨርና በያዘቻት ቁጥር ፈዋሿ ሞታለች።

«ዛሬም ከሞተች ከጨዋታው መጽሐፍ ትወጣለች» አለ ጨዋታውን የሚመራው ድዌን።

«ችግሩ እኮ እማ ናት እንጂ ፈዋሿ አይደለችም። ዛሬ እኔ እይዛታለሁ። በልክ እየሰጠሁ በሕይወት አወጣታለሁ። እማ ጦረኛ ትሁን» አለች ኢንግሪድ።

«ጦረኛችን ሹራብ እየሠሩ ነው እንዴ የሚዋጉት?» አለ አስማተኛውን የያዘው ሮልፍ።

«አንተ አርፈህ አይብህን ብላ» አለችው ቨርና፤ ሹራቡን ግን አስቀመጠች።

ውጭ ሐይቁ በረዶ ሆኗል። በሚጫወቱበት ምድር ቤት ውስጥ ማሞቂያው ከግድግዳው ጀርባ ያጉረመርማል። ድዌን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አሮጌ የብረት ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ እንዳሉ፣ ውሃው ጉልበታቸውን አልፎ ወገባቸው መድረሱን ነገራቸው። ቨርና ሳታስበው እግሯን ከወለሉ አነሣች። ዳይሱን ጣለች። አንድ ወጣ፤ ከሁሉ የከፋው ቁጥር።

«የጉድጓዱ ደጋፊ ግንድ ተጫነዎት፣ ወይዘሮ ቨርና። ውሃ ውስጥ ነዎት። ከዚህ በኋላ አይናገሩም።»

የጠረጴዛው ደንብ ነው። የወደቀ ሰው እስኪነሣ ድረስ ቃል አይተነፍስም።

ኢንግሪድ የቀራት ዘጠኝ ነጥብ ነው። ጦረኛዋን ከግንዱ ሥር ለማውጣት የሚያስፈልገውም ዘጠኝ።

«ተያቸው» አለ ሮልፍ፤ ፊቱ ላይ ሳቅ የለም። «ሂሳቡን የጻፍሽው አንቺው ነሽ። ፈዋሿ ከሞተች ልፋትሽ ሁሉ ገደል ገባ።»

ቨርና ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

«የወደቀ ሰው ራሱንም አይወዘውዝም» አላት ድዌን።

ተይኝ፣ ልጄ፣ ውጪ፤ ይህን ሁሉ በዓይኗ ለመነቻት። ኢንግሪድ ቀና ብላ አላየቻትም። ላጲሱን አንሥታ፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ፣ ዘጠኟን ቁጥር ቀስ እያለች አጠፋቻት።

«ሁሉንም ሰጠኋት።»

«ተነሥተዋል» አለ ድዌን። «አሁን መናገር ይችላሉ።»

«ልጄ! ምን አደረግሽ? ለምን?»

ኢንግሪድ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ወድቃለች፤ አትናገርም።

ቨርና የራሷን ወረቀት እያገላበጠች ፈለገች። ሰይፍ አላት፣ ጋሻ አላት። ጦረኛ ለሌላ ሰው የሚሰጠው ነጥብ ግን የለውም። ድዌን ውሃው አንገት መድረሱን ተናገረ። ሮልፍ የቨርናን እጅጌ ያዝ አደረገ።

ሮልፍ ከጉድጓዱ ወጣ። ቨርና ወጣች። ኢንግሪድ እዚያው ቀረች።