የሃምሳ አለቃ ሀብተወልድ ውጤት

ስለ አክታ ላወራ ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ገበታ ላይ ያለ ሰው በልቶ ይጨርስ፤ ነገሩ ሳይንስ ስለሆነ አይበርድም። እኔም ባላወራው በወደድኩ፤ ግን ዝም ባልኩ ቁጥር ሆዴን ይነፋኛል።

በ2003 ዓ.ም. ሐረር ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በአዋቂዎች ላይ መሥራት አለመሥራቱን በየወሩ የሚከታተል ጥናት ተጀመረ። የጥናቱን ርዕስ አንብቦ ለመጨረስ ጤነኛ ሳንባ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ሀብተወልድ አልተነበበለትም። ፈርም አሉት፤ ፈረመ። ወታደር ነው።

በየወሩ ይመዘናል፣ ደም ይቀዳል፣ ራጅ ይነሳል። በዋዜማውም ባለ ክዳን ትንሽ የፕላስቲክ የአክታ ዕቃ ለሚስቱ ለገላነሽ ይሰጣታል።

«ጠዋት፣ ምንም ሳይቀመስ፣ ከደረት የወጣ ይሁን» ትላለች ነርስ ብርቱካን። «ምራቅ ይዘው እንዳይመጡብኝ፣ እማማ።»

«ምን በወጣኝ» ትላለች ገላነሽ። ወግ የምታውቅ ሴት ናት። የግቢ ጎረቤቷ ሐሊማ በኢድ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ስትልክላት፣ ሳህኑን ባዶውን መልሳ አታውቅም። አንዴ ቤቷ ምንም ቢጠፋ፣ ጨው ጣል አድርጋበት መለሰች።

መጀመሪያ ላይ የሀብተወልድ ሳል ግቢውን ያናጋ ነበር። ክኒኑን ከጀመረ በኋላ ግን ሳሉ ሸሸ፣ ጉንጩ ሞላ፣ የወታደር ኮቱ አልቆለፍ አለ። ጊደር መጋላ ገበያ ደርሶ ሲመለስ መንገድ ላይ ማረፍ ተወ።

የአክታው ውጤት ግን ፖዘቲቭ ሆነ። በሚቀጥለውም ወር ፖዘቲቭ። ከዚያም ወዲያ።

«ክኒኑን አይውጡትም» አለው የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ዮሴፍ።

«እንዴት አልውጠውም! ክኒኑ ሽንቴን እንደ ቀይ ወጥ አቅልቶት?»

«ሽንት በጥናቱ ውስጥ የለም።»

«ታዲያ በምን ወፈርኩ?»

«እኛም የምንጠይቅዎ እሱን ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀብተወልድ በገዛ ቤቱ ተጠርጣሪ ሆነ። ገላነሽ ቆቡን ገለበጠች፣ ጫማውን አራገፈች፣ ፍራሹን ፈታች። ክኒን አልተገኘም።

«ወላሂ፣ ለፍየሌ ነው የሚጥልላት!» አለች ሐሊማ። «አታዪያትም እንዴ ሰሞኑን እንዴት እንደወፈረች?»

ፍየሏ ተመረመረች። እርጉዝ ሆና ተገኘች።

ገላነሽ ባሏ ክኒኑን በዋጠ ቁጥር አፉን ታስከፍተው ጀመር። «ምላስህን አንሳ። በዚህ በኩል። አሁን በዚያ።»

«አንቺም አላመንሽኝ?» አለ ሀብተወልድ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አንተን አምኜሃለሁ፤ እምቢ ያለው ራጁ ነው። ፊቱ ስትቆም ደረትህን ንፋ ብዬህ አልነበር?»

«ነፋሁ እኮ!»

ሌሊት እንቅልፍ አጣች፤ እህል አልወርድ አላት። አንድ ቀን ከሐሊማ ጋር በርበሬ ሲነፉ፣ ሐሊማ ወንፊቷን አስቀምጣ አየቻት።

«አንቺ፣ እሱ ሲወፍር አንቺ አለቅሽ እኮ! መቀነትሽ ስንቴ ነው የሚዞረው?»

«ሐሳብ ነው፣ ሐሊማ። ሐሳብ ሰው ይበላል» አለች ገላነሽ፤ ብናኙ ትን ብሏት ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ አሳለች።

«አላህ ያሽረው» አለች ሐሊማ።

በመጨረሻ ዶክተር ዮሴፍ ባልና ሚስቱን አስጠርቶ አስቀመጣቸው። ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶታል አለ። ሃምሳ አለቃው አዲስ አበባ፣ ለብቻው ተገልሎ ይተኛል፤ ምናልባት ሁለት ዓመት። በየቀኑ መርፌ አለ፤ መርፌው ጆሮ ሊያደነቁር ይችላል።

ገላነሽ የዶክተሩ እግር ላይ ወደቀች። «በጊዮርጊስ! ልጅ የለን፣ ዘመድ የለን! እሱን ወስዳችሁ እኔን ማን ይቅበረኝ?»

«ይነሱ እንጂ፣ እናቴ» አለ ዶክተሩ፤ ደግ ሰው ነው፣ ብድግ አድርጎ አነሳት። «እርስዎ ጤነኛ ነዎት። የምንወስዳቸውም እርስዎን እንዳያስይዙ ነው።»

«ያስይዘኝ!»

«ሳይንስ አይፈቅድም።»

የጉዞው ዕለት ማለዳ የሆስፒታሉ መኪና ግቢው በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆመ። ሀብተወልድ የማይቆለፈውን ኮቱን ለብሶ፣ አፉን በጭምብል ሸፍኖ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ሐሊማ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ገላነሽ የመስኮቱን ጠርዝ እንደያዘች ነው።

«እባክሽ ልቀቂ» አላት። «ሰው ያያል።»

«ይይ። ስትደነቁር ማን ይጮህልሃል?»

«አንቺ ከዚህ ብትጮኺ እሰማሻለሁ።»

ብርቱካን እየሮጠች መጣች። «ቆይ፣ ቆይ! የዛሬው ናሙና ቀርቷል! እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው!»

ትንሿ ዕቃ በመስኮቱ ገባች። ሀብተወልድ ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ አማጠ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ደረቱን በቡጢ መታ። ምንም ጠብ አላለም። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ፤ ሊሸኝ የመጣው ዶክተር ሰዓቱን አየ፤ ብርቱካን ጓንቷን ልታመጣ ዞረች። ሀብተወልድ ዕቃዋን በመስኮቱ አውጥቶ ለሚስቱ አቀበላት።

ገላነሽ ባዶውን ዕቃ አይታ አፈረች፤ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ፣ በነጠላዋ ተከልላ፣ ከደረቷ ሳብ አድርጋ እንደ ወትሮው ሞላችው፤ ክዳኑን አጥብቃም በሁለት እጇ ለብርቱካን ሰጠቻት።

አደራ፣ ይህን ለማንም አትድገሙት፤ ጥናቱ ታትሟል።