የተጣሉት ድራይቨሮች

“ከዋሸሁ ከተቀመጥኩበት አያስነሳኝ፣ ጋሼ!” አለ ደምሰው፣ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ለርዕሰ መምህሩ። ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር ሦስት ቀን ታግሎ ዓይኑ ደም መስሏል። “የፕሪንተሩና የስካነሩ ድራይቨር፣ ማለቴ የሚያሠሯቸው ፕሮግራሞች፣ እንደ ጣውንት አንስማማም አሉ። አንዱን ስጭን ሌላው ይጠፋል። ዘጠና ጊዜ አጥፍቼ አስነሳሁት! በስንት መከራ አስታረቅኳቸውና ሰርተፍኬቱ እንደ ጎርፍ ወረደልኝ።”

ተመራቂዎቹ ግቢውን ሞልተዋል። ርዕሰ መምህሩ የተቆለለውን አርባ ሰርተፍኬት ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ እያገላበጡ፣ “ተባረክ! እኛንም ከውርደት አዳንከን። ፊደሉስ ቢሆን እንዴት ያምራል!” አሉ።

ደምሰው ድካሙን ረስቶ ደረቱን ነፋ።

ጸሐፊዋ ዘርትሁን የጠቆሩ ጣቶቿን በሶፍት እየጠረገች ቀና አለች።

“ጋሼ፣ የታችኛውን አይንኩት” አለች በቀስታ። “አሁን ነው በእጄ ጽፌ የጨረስኩት፤ ቀለሙ አልደረቀም።”