እትዬ እስክሪብቶ የላጧቸው ወረቀቶች

የበሽተኛውን ስምና የደም ዓይነት የሚይዘው የላቦራቶሪው ተለጣፊ ወረቀት፣ ከሰኞ ጀምሮ በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት ደርድሮ ይወጣ ጀመር።

የሆስፒታሉ ፕሮግራመር እንቅልፍ አጣ። ታናሽ እህቱ እዚያው ተኝታ ለሐሙስ ጠዋት የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላታል፤ ደም ያስፈልጋታል። እሷ ግን ቀልዷን አልተወችም።

«ደሜ እንደኔው ነው፤ ለሁሉም ይሰጣል፣ ከኦ በቀር ግን ከማንም አይቀበልም።»

እሱ የጠረጠረው የላቦራቶሪውን አንጋፋ ሠራተኛ ነው። እስክሪብቶ ከፀጉራቸው ስለማይጠፋ «እትዬ እስክሪብቶ» ይሏቸዋል፤ ኮምፒውተር ገና ሲገባ ጀምሮ ዓይንህን ላፈር ብለውታል። አሁን ደግሞ የታተመውን እየላጡ በእጃቸው የጻፉትን ይለጥፋሉ። የቆሻሻ ቅርጫታቸውን ገልብጦ አየ። በላቲን ፊደል ተጽፎ በደህና የታተመው የውጭ ዜጎች ስም ሳይቀር ተልጦ ተጥሏል። ይህስ ምን ይሉታል?

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ስሙስ ግድ የለም ልጄ፣ እኔን ያስጨነቀኝ...»

«ሥራዬን ያመሰቃቀሉት እርስዎ ነዎት!»

አላስጨረሳቸውም። ለኃላፊው ነገረ፤ ረቡዕ ጠዋት እትዬ «ለጊዜው እረፍት ይውጡ» ተባሉ። ሲወጡ እስክሪብቷቸውን ከፀጉራቸው መዘው ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት።

«ያስፈልግሃል» አሉት።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ስሕተቱን አገኘው። ማተሚያውን የሚያዘው ከውጭ የተገዛ ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የፕሮግራም ክፍል ነው፤ ሌላ ሰው የጻፈው ኮድ፣ ውስጡ የማይታይ። የእኛን አንድ ፊደል ለመያዝ የሦስት ፊደል ቦታ እንደሚያስፈልግ አያውቅም፤ የሚላክለትንም በድሮ አነባበብ ያነበዋል። ፕሮግራመሩ አነባበቡን የምታስተካክል አንዲት መስመር ጨመረ። ስሞቹ ቁልጭ ብለው ወጡ።

በደስታ ሊያብድ ደረሰ። መጀመሪያ ያተመው የእህቱን ነው። ስሟን ደጋግሞ አነበበ፣ ሳመው፣ ከዚያም በገዛ እጁ የደም ማዘዣዋ ላይ ለጠፈው። የእትዬን እስክሪብቶ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ነርሷ ብቅ ስትል ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

«ደሙ ይበቃታል?»

«አይዞህ፣ ማዘዣዋ ላይ የተለጠፈው ኤቢ ነው፤ ኤቢ እንደሆነ ሞልቶናል፤ ሁለተኛውን ከረጢት አሁን ሰቀልንላት።»