እትፍ ይበሉባት

ዘርፌ የአርባ ቀን ልጇን እንዳቀፈች ላብ አጠመቃት። እንግሊዝኛ ካልተናገሩ ምሳቸው የማይወርድላቸው ጎረቤቷ፣ መምህር ልሳኑ፣ ትንሿን ልጃቸውን አስከትለው ሊጠይቋት መጥተዋል።

«ፈረንጅ ‹አፕሪሺዬት› ይላል። ማድነቅ ነው፣ ማክበር ነው፣ ዋጋውን ማወቅ ነው። ይህን የመሰለ ዓይን፣ ይህን የመሰለ ጉንጭ አፕሪሺዬት ሳይደረግ ይታለፋል?»

አንድ ትርጉም በጨመሩ ቁጥር የዘርፌ ልብ ይርዳል። ይባስ ብሎ ሕፃኗ አስነጠሳት።

«ጋሼ፣ በማርያም፣ እትፍ ይበሉባት! በዓይን ትበላብኛለች!»

«በዚህ ዘመን ቡዳ? አይ ኋላ ቀርነት!» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

ዘርፌ ወደ ልጃቸው ዞረች።

«የእርስዎ ልጅማ ዓይኗ እንዴት ያለ…»

ሳትጨርስ መምህሩ ብድግ ብለው ልጅቱን በኮታቸው ከነፊቷ ሸፈኗት።