አሥራ አምስት ደቂቃ

ማንደፍሮ በሜይ 1986 እንደገና መሮጥ ጀመረ። በደቾች አገር፣ ዴልፍስሃቨን በሚባል የወደብ ሰፈር ካለው ቤቱ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ይነሳል፤ ደረጃውን ይወርዳል፤ የትራሙን ሐዲድ ተከትሎ እስከ ሆስፒታሉ በር ይሮጣል። ሦስት ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሌላ መንገድ አይሮጥም።

ጉልበቱን የተጎዳው ኦክቶበር አጋማሽ ላይ፣ ዴን ሃግ አጠገብ በተደረገ የአገር አቋራጭ ውድድር ነው። እሑድ ጠዋት ሚስቱ የትነበርሽ ዝናቡን አይታ «ዛሬ ይቅርብህ» ብላው ነበር። እሱ ግን ሄደ። እርጥብ የዛፍ ሥር አዳልጦት ወደቀና ጅማቱ ተበጠሰ። ማክሰኞ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። የትነበርሽ የአምስት ወር ልጃቸውን ባዩን አዝላ ቀኑን ሙሉ አልጋው አጠገብ ዋለች።

ጃንዋሪ ላይ ባዩ ታመመ። የትነበርሽ በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ተረኛ ነበረች። ከባድ በረዶ ጥሎ ትራሙ ቆሟል። ቤታቸው ስልክ የለም፤ የጎረቤቶቹን በር ቢያንኳኳ የከፈተለት አልነበረም። ማንደፍሮ ልጁን ደረቱ ላይ አቅፎ እያነከሰ ሄደ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀበት። ሲደርስ ልጁ አይተነፍስም ነበር።

በወሩ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ መጣ። ማንደፍሮ ደች የለመደው ወደብ ላይ ዕቃ ሲያወርድ ነው፤ መናገሩን እንደ ነገሩ ይናገራል፣ ማንበብ ግን አይችልም። የቤቱን ደብዳቤ ሁሉ የምታነበው የትነበርሽ ናት። ኮቷን ሳታወልቅ በቆመችበት አነበበችው።

«ምን ይላል?»

እንደገና ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረች። ማንደፍሮ ተጠግቶ ወረቀቱ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ቁጥር ያነባል።

«ይቺ አሥራ አምስት ምንድን ናት?»

የትነበርሽ ጣቱን አየች። «ደቂቃ» አለች። «በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ደርሶ ቢሆን ይተርፍ ነበር ነው የሚለው።»

ማንደፍሮ ሁለተኛ አልጠየቀም። ጉልበቱ መታጠፍ እስኪችል ጠበቀ።

ሰዓት የሚይዝለት ከወደቡ ጡረታ የወጡት ኣስፍሃ ነበሩ። የአስመራ ሰው ናቸው፤ በብስክሌት ከጎኑ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ቀን ማንደፍሮ ደረቱ ላይ በአንሶላ የታሰረ የዱቄት ከረጢት ይዞ ሲወርድ አዩና ሳቁ።

«ለማን ነው የምታደርሰው? ማዶ ሌላ ቤት አለህ እንዴ?»

«የባዩ ክብደት ነው፣ ጋሼ።»

ስድስት ኪሎ ተኩል። ለስምንት ወር ልጅ ትንሽ ነበር። ጡት ሲጠባ ቶሎ ይደክመውና ያልበው ነበር። ኣስፍሃ ከዚያ በኋላ አልቀለዱም።

የመጀመሪያው ቀን ሃያ ሦስት ደቂቃ ሆነ። ጁን መጨረሻ ላይ አሥራ ዘጠኝ።

«እሺ፣ በአሥራ አምስት ደረስክ እንበል» አሉት ኣስፍሃ አንድ ቀን። «ከዚያስ?»

«የገደለው ጉልበቴ ነው ማለት ነው። ያን ቀን ለውድድር ባልሄድ ልጁ ይኖር ነበር።»

«ካልደረስክስ?»

«ካልደረስኩማ ማንም አይደርስም ነበር። እንቅልፍ እተኛለሁ።»

ኣስፍሃ ብስክሌታቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ። «እስቲ ደብዳቤውን አምጣው፣ እኔም ልየው። ሐኪም እንዲህ በደቂቃ ቆርጦ ሲጽፍ አላጋጠመኝም።»

«የትነበርሽ አንብባልኛለች። ስንት ጊዜ ላሳያት?»

ጉልበቱን የምታሸው ባለሙያ አስጠነቀቀችው። ጅማቱ ሁለተኛ ከተበጠሰ መሮጥ ቀርቶ ደረጃ መውጣትም ያቅተዋል። ይህን የትነበርሽ ሁለት ጊዜ ደጋግማ ተረጎመችለት።

«ተወው፣ ማንዴ» አለችው ቤት ሲገቡ። «እባክህ ተወው።»

«ማወቅ አለብኝ።»

«ብታውቅ ምን ይጠቅምሃል?»

«አንቺ አትፈልጊም?»

ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዞረች። ቧንቧውን ከፈተች፤ የሚታጠብ ግን አልነበረም።

ኦገስት መጀመሪያ ላይ አሥራ ስድስት ተኩል ደረሰ። ጉልበቱ ጠዋት ጠዋት ያብጣል። የትነበርሽ መብላት ቀነሰች። እሱ ለመሮጥ ሲወጣ መስኮቱ ጋ ትቆማለች፤ እስኪመለስ አትቀመጥም።

በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ንፋስ አልነበረም። ማንደፍሮ ከረጢቱን አጥብቆ አሰረና ወረደ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ጉልበቱ ውስጥ የሆነ ነገር ጧ አለ። አልቆመም። የሆስፒታሉን በር በእጁ ነክቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ኣስፍሃ ሰዓቱን አዩ።

«አሥራ ስድስት» አሉ።

ማንደፍሮ እጃቸውን ይዞ ሰዓቱን ወደ ራሱ አዞረው። አሥራ አራት ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ ይላል።

ኣስፍሃ በብስክሌቱ ኮርቻ ላይ አስቀምጠው እየገፉ ቤቱ አደረሱት። ሦስቱን ፎቅ በእጁና በአንድ እግሩ እየተሳበ ወጣ። የትነበርሽ አልጋው ላይ አጋድማው ጉልበቱ ላይ በረዶ አደረገችለት።

«ስንት ሆነ?»

«አሥራ አራት ከሃምሳ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ደብዳቤውን አንድ ጊዜ አንብቢልኝ» አላት።

ከባዩ ልብሶች ሥር አወጣችው። ማንደፍሮ ዓይኑን ጨፈነ።

«በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ደርሶ ቢሆን ይተርፍ ነበር» አለች።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

«ነግረሽኝ ነበር እኮ» አለ ማንደፍሮ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ዛሬ ይቅርብህ ብለሽኝ ነበር።»

የትነበርሽ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። በደች የተጻፈው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦

«ልጃችሁ ባዩ አብሮት የተወለደው የልብ ሕመም በጊዜው ቢታይለት በቀዶ ጥገና ይድን ነበር። ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15፣ ለልብ ሐኪም በተያዘለት ቀጠሮ እናቱ ሳታቀርበው ቀርታለች።»